የሩፋኤል ዕለት የወደቀው ቀረሮ

ሰው ስለ ክረምት መውጫ ሲያወራ አደይ አበባውን ያነሳል። እኔ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ሚዛን ተፈሪ ያደገ ሰው የክረምትን መውጫ አበባ ብሎ አይናፍቀውም። እኛ ጋ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የሚብስበት። ሰኔንና ሐምሌን ዝም ብሎ ሲያለቅስ የከረመው ሰማይ፣ ነሐሴ ሲያልቅና ጳጉሜ ሲገባ ንፋስና በረዶ ጨምሮ ያለ የሌለ ቁጣውን ያወርደዋል። የደርግ ጊዜ ነበር፤ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቱግ ባይ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። አፌ ላይ የመጣውን ውጬ ማስቀረት አልችልም። የማወራውም ይኸው አፌ ያመጣውን ነው።

ያ ክረምት ቤታችንን ጠምዶ ይዞት ነበር። መጀመሪያ የጓዳው ግድግዳ ጭቃው ተገንድሶ ወደቀና ማገሩ ገጥጦ ወጣ። በሳምንቱ ንፋሱ አንዱን ቆርቆሮ ከነምስማሩ ነቅሎ ወረወረው፤ የታሰረችው ፍየላችን አንገት ላይ አረፈ። እናቴ ደርሳ ስታነሳው ፍየሏ እግሯን እያወራጨች ነበር፤ ቢላ እንኳ ሳንፈልግ ሞተች። ጨው ቀለጠ። ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሻገተ። እንጨቱ ረጥቦ እሳት እምቢ አለ፣ ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው። የነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ሎሚ ሎሚ የሚያክል በረዶ ወረደና ስድስት ዶሮዎቻችንን ግቢው ውስጥ ጨርሶ ፈጃቸው። እናቴ ሬሳቸውን በእግራቸው አንጠልጥላ ደጅ ቆመች፣ ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ «ምን በደልንህ? ንገረኛ! ምን አደረግንህ?» እያለች ጮኸች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን በጥፊ አጮለችኝ። ለምን አላስገባሻቸውም ነው። እኔ ምን ላድርግ? በረዶው እኔንም አናቴን ተርክኮኝ ነበር!

እናቴ እንዲህ ነበረች። አባቴ ግን ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ሰው ሲቆጣው ፈገግ ይላል። እናቴ በዚህ ፈገግታው ታብዳለች። «አንተ ሰውዬ፣ ደም የለህም?» ትለዋለች። እሱ የስፌት መኪናውን ያሽከረክራል።

ቦታውን ሲመሩት ጫካ ነበር አሉ። መንጥሮ ቤት ሠራ፤ በረንዳው ፊት ለፊት፣ ከግቢው ማዶ፣ የሣር ክዳን ማድ ቤት ቀለሰ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጫካ አልነካውም። ከዛፎቹ ሁሉ አንዱን ግዙፍ ቀረሮ ብቻ ግቢው መሃል፣ ወደ ማድ ቤቱ ጠጋ ብሎ የቆመውን፣ ለጥላ ብሎ ተወው። በወሎ ዛፍ እንዲህ ነው፤ አንድ ዋርካ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ሰባት ትውልድ ያስጠልላል። አባቴ ሌላ ዓይነት ዛፍ አያውቅም።

የሚያውቁት ሽማግሌው ጎረቤታችን ነበሩ። የአገሩ ተወላጅ፣ ቤንች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው። አንድ ቀን መጥተው ቀረሮውን ዙሪያውን አዩት። በባዶ እግራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና፣ «ይኸው ሥሩ፣ እዚሁ ላይ ነው። ወደ ታች አልወረደም» አሉት አባቴን። «ይሄ ጫካ ውስጥ ያደገ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ተደጋግፎ ነው የቆመው። ወንድሞቹን ቆረጥክበት፤ አሁን ማን ይያዘው? ወይ ሁሉንም መተው ነበር፣ ወይ ሁሉንም መጣል ነበር።» አባቴ ፈገግ አለ። ሽማግሌው ከዚያም ሌላ ነገር ብለውታል፤ እኔን ግን እናቴ ጠርታኝ ስለነበር አልሰማሁትም። ያን ቀን እዚያው ቆሜ ጨርሼ ብሰማ ኖሮ!

ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጥቶ ስሙ ቀበሌ በር ላይ ተለጠፈ። ከሠፈራችን ቀድመው ከሄዱት አንድም የተመለሰ አልነበረም፤ የሁለቱ መርዶ ደርሶ እኛም ለቅሶ ደርሰናል። እናቴ ከለቅሶው ስትመለስ ወንድሜን እጁን ይዛ ማድ ቤት አስገባችውና ቆጡ ላይ አወጣችው። ኮረሪማና እሸት ቡና በጭስ የምናደርቅበት ቆጥ ነው፤ አንድ ሰው ተጋድሞ ይይዛል፣ ቀና ማለት ግን አይቻልም። ለጠየቀን ሁሉ ቴፒ አክስቱ ጋ ቡና ለቀማ ሄዷል እንላለን።

ሁለት ሳምንት እዚያ ተኛ። ጎደሬ ቀቅዬ አቀብለዋለሁ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ እላዩ ላይ ከሚንጠባጠበው ውኃ ጋር እየታገለ እንኳ መቀለዱን አልተወም። «እንደ ኮረሪማ ደርቄ ስወርድ ወጥ ውስጥ ትጨምሩኛላችሁ» ይለኛል። እኔን የሚጠራኝ «ሬዲዮ» ብሎ ነው፤ ያየሁትን ሁሉ ስለማወራ። «ሬዲዮናችን፣ እባክሽ ለጥቂት ቀን ባትሪሽን አውጪ» ይላል። በእናታችን ሞት ምዬለታለሁ። ትንፍሽ አልልም ብዬ!

ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ይባላል፤ ልጅ ወጥቶ ይመታዋል። ከእኩለ ቀን በፊት ሰማዩ ጠቆረና ንፋሱ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከጫካው በኩል ተነሳ። እንዲያ ያለ ንፋስ አይቼ አላውቅም። የሙዙን ቅጠል ክር ክር አድርጎ ቀዳደደው። አጥራችንን ጋደም አደረገው። ቀረሮው ከላይ ሲጮህ ሰው የሚያቃስት ይመስል ነበር። ይኼኔ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ከነጠመንጃቸው ግቢያችን ገቡ።

አለቃቸው ካፖርቱ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ከላይ እስከ ታች በስብሷል። «ጓድ፣ ልጅህ ቴፒ የለም። ሰው ልከን አጣርተናል» አለው አባቴን።

«አሃ፣ እንግዲህ ማሻ አልፎ ይሆናል» አለ አባቴ።

ወዲያው በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ጆሮ ያደነቁራል። ሦስቱም በረንዳው ላይ ተጠለሉ። አለቃው አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ፣ «ያባራና ጓዳውንም ማድ ቤቱንም እናያለን» አለ። ከዚያ አንዱን፣ «አንተ፣ ዓይንህን ከዚያች በር እንዳትነቅል» አለው። የማድ ቤታችን በር አንድ ናት፤ እሷም ትይዩ በረንዳውን ታያለች። ዝናቡ ባቆመ ሰዓት ወንድሜ አለቀለት ማለት ነው።

አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አረቄ ቀዳላቸው! ቀዳላቸውና፣ «ጓድ አዛዥ፣ ካፖርትዎን ያውልቁልኝ፣ ልጥቀምልዎት» አለ። አለቃው አውልቆ ሰጠው። አባቴ መኪናው ላይ ተቀመጠና መስፋት ጀመረ። እናቴ ደፍ ላይ ቆማ ታየዋለች። በዓይኗ ልትበላው ደርሳለች።

«ሂጂ ከጎረቤት ፍም አምጪ» አላት።

«በዚህ በረዶ?»

«ሂጂ አልኩሽ!» ብሎ መኪናውን በመዳፉ ሲመታው የአረቄው ብርጭቆ ተንሸራቶ ወደቀ። አባቴ ሲጮህ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ እናቴም አልሰማችም። ጆንያ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እየተራገመች ወጣች።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ይገትርሻል? ሩፋኤል አይደል? ውጪና ተመቺ!» ጠብታ ሲነካኝ ትታመማለች ብሎ የሚሟገት አባት! ጠባቂዎቹ ሳቁ። «ሂጂ ልጄ፣ ታድጊያለሽ» አለኝ አለቃው። ወጣሁ። በረዶው ትከሻዬን ይነርተኛል። እያለቀስኩ ነበር፤ ደግነቱ በዚያ ዝናብ ዕንባ አይለይም።

ቀረሮው ሥር ስደርስ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በማድ ቤቱ በኩል ነው። ንፋሱ ሲገፋ አፈሩ ከነሣሩ ቀና ይላል፣ ሲለቅ ይተኛል። እንደገና ቀና ይላል። ከሥሩ ጥቁር ስንጥቅ ተከፍቶ ውኃ እየጠጣ ነው፤ ስንጥቁ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሁለት እርምጃ አይሆንም። ግድግዳው ውስጥ ወንድሜ አለ! ሊወድቅ ነው፣ እላዩ ላይ ሊወድቅ ነው አልኩ።

ሮጬ በረንዳው ላይ ወጣሁና ወደ አባቴ ጆሮ ተጠጋሁ። «አባባ፣ ዛፉ እየተነቀለ ነው። ማድ ቤቱ ጋ መሬቱ ተሰንጥቋል!»

እጁ መኪናው ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ አይደለም አለኝ። ከዚያ አፉን ሳይከፍት በሚባል ድምፅ፣ «ወደ ማድ ቤቱ ሂጂ። በሩ ላይ ቁሚ። እዚህ እንዳትመለሺ» አለኝ።

«ምን አለች?» አለ አለቃው።

«በረዶው መታኝ ነው የምትለው። ቅበጥ ብሏት ነው» አለና ፈገግ ብሎ አረቄ ጨመረለት።

አብዷል አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ልጁ ላይ ዛፍ ሊወድቅ ነው፣ እሱ ካፖርት ይጠቅማል። ጭራሽ እኔንም ዛፉ ሥር ሄደሽ ቁሚ ይለኛል! ያን ደቂቃ አባቴን ጠላሁት። በልቤ፣ እናቴ እውነቷን ነው፣ ይሄ ሰውዬ ደም የለውም አልኩ። ወርጄ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከመሬቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ! አለ። አጥንት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው፤ ሥሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ አፌን እኔ አላዘዝኩትም።

«ወንድም ጋሼ! ውረድ! ዛፉ ሊወድቅብህ ነው! ወንድም ጋሼ ውጣ!»

«ዝም በይ!» አለ አባቴ ከኋላዬ። ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። ግን ዘግይቷል። ወንድሜ ከቆጡ ዘሎ በሩን በርግዶ ወጣ፣ ከራስ እስከ እግሩ ጥላሸት፤ ብርሃኑ ዓይኑን አጥፍቶት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሦስቱም ጠመንጃቸውን ይዘው ከበረንዳው ወርደው ተንደረደሩ።

የመጀመሪያው በሰደፍ ሆዱን መታው። እጥፍ ሲል ሁለተኛው ጀርባውን። ጭቃ ውስጥ ደፍተው ረገጡት፤ አንዱ ቦቲውን አንገቱ ላይ አቆመ። አባቴ ከኋላ ደርሶ የአለቃው እግር ላይ ተጠመጠመ፣ «በማርያም፣ በማርያም» ይላል፣ አለቃው በተረከዙ አፍንጫውን አለው። ይኼኔ እናቴ በገል ፍም ይዛ ከች አለች። አልጮኸችም። ዝም ብላ መጥታ ፍሙን ከነገሉ የአንዱ ማጅራት ውስጥ ደፋችው። ሰውዬው እንደ በሬ አጓራ። በጠመንጃ አፈ ሙዝ አገጯን ሲመታት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ጭቃው ላይ ወደቁ። እኔ የአንዱን እጅ ነክሼ አልለቅም ብያለሁ፤ አፌ ውስጥ ደም ደም ይለኛል።

ሁላችንም እዚያው፣ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ አንዳችን በአንዳችን ላይ ተከምረን ስንተናነቅ ነው ቀረሮው የወደቀው።

ወደ እኛ አልወደቀም። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ወደ ማዶ፣ በረንዳው ላይ ተዘረረ። መሬቱ ዘለለ። ሥሩ ከነአፈሩ ከጎናችን ቤት አክሎ ቆመ። ሲረጋጋ ስናይ በረንዳ የሚባል የለም፤ አግዳሚው፣ የስፌት መኪናው፣ አረቄው፣ ካፖርቱ፣ የቤቱ ግማሽ ሁሉ ከግንዱ ሥር ተጨፍልቋል። ማድ ቤታችን ግን እንዳለ ነው። የሣር ክዳኑ እንኳ አልተነካም።

አለቃው አፉን ከፍቶ ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ ያያል። ቀስ ብሎ አማተበ፤ አብዮት ጠባቂ ሲያማትብ ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ርጥብ ፀጉሬን ዳበስ አደረገኝ። «እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ባትጮኺ አልቀን ነበር» አለኝ። መረቀኝ! ወንድሜን እጁን የፊጥኝ እያሰረ መረቀኝ።

ወንድሜን እየጎተቱት በወደቀው አጥራችን ላይ ሲያልፉ ዞር አለ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ማድ ቤቱን አየ፣ የወደቀውን ዛፍ አየ፣ እኔን አየ። «አይዞሽ ሬዲዮ» አለኝ። የእሱ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ደብዳቤ አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። እናቴ ሬሳ ሳላይ አላለቅስም ብላ ቆይታ በስተኋላ ብቻዋን ጓዳ ውስጥ አለቀሰችው።

መስከረም ላይ ሽማግሌው ጎረቤታችን መጥረቢያ ይዘው ግንዱን ሊፈልጡልን መጡ። እኔ ፍላጩን እሰበስባለሁ። አላስቻለኝምና፣ መሬቱ የተነሳው በማድ ቤቱ በኩል ሆኖ ሳለ ዛፉ እንዴት በረንዳው ላይ እንደወደቀ ጠየቅኋቸው።

መጥረቢያቸውን አስደግፈው በሐዘን አዩኝ። «አፈር የሚነሳው ዛፉ ጥሎት በሚሄደው በኩል ነው፣ ልጄ። ይሄ ዛፍ ቅርንጫፉን ሁሉ ወደ ተመነጠረው፣ ወደ ብርሃኑ ነበር የዘረጋው። ንፋሱም ከጫካው ነው። በረንዳው ላይ እንደሚወድቅ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ እኮ ለአባትሽ። ማድ ቤቱን አይነካም፣ አንተ የምትቀመጥበትን ፍራ አልኩት። አልነገራችሁም?»

ፍላጩ ከእጄ ወደቀ። አንድ በአንድ መጣብኝ። እናቴን በበረዶ መሃል ለፍም መላኩ። እኔን ውጪ ማለቱ። በሩ ላይ ቁሚ፣ እዚህ እንዳትመለሺ ማለቱ። የአለቃውን ካፖርት ማስወለቁ፣ አረቄ መጨመሩ። እሱ ከተነሳ እነሱም ይነሳሉ፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ዛፉን ይጠብቅ ነበር። ያ ደም የለውም ያልኩት ሰው።

ሮጬ ገባሁ። መኪናው ስለሌለ ተርፎ በቆመው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ በእጁ ይሰፋል፤ አፍንጫው ጠሞ ቀርቷል። «አባባ፣ ታውቅ ነበር!» አልኩት። «እዚያ ተቀምጠህ አብረሃቸው ልትሞት ነበር!»

መርፌና ክሩን ዘረጋልኝ። «ክሩን አስገቢልኝ፣ ዓይኔ አላይ አለኝ» አለኝ። አስገባሁለት። ሲቀበለኝ እጄን ያዘና፣ «አንቺ ወንድምሽን ለማዳን ነው የጮኽሽው። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ጩኸትሽ ምን እንዳበላሸ ካወቀች አንቺን ይቅር አትልሽም። እኔን ትጥላኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ጠላችው። ዛፉን የተውከው አንተ፣ ለገዳዮቹ ካፖርት የጠቀምከው አንተ እያለች ዓመታት ቀጠቀጠችው። እሱ ፈገግ ይላል። እኔ ያየሁትን ሁሉ የማወራው ልጅ በዚያ ቤት ውስጥ ስለዚህ አንድ ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እናቴን ፈርቼ ነው። ደርግ ወድቆ የሌሎች ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ሲመለሱ የእኛ ሳይመለስ ቀረ፤ በዚያው ክረምት መውጫ አባቴ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ሳጥኑ ሲወርድ እናቴ በእነዚያ በሌሉት ጥርሶቿ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፈሪ ባል ቀበርኩ» አለች። ሽማግሌው ጎረቤታችን ከሕዝቡ መሃል ቀና ብለው አዩኝ። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ዝም አልኩ።